የኔቫዳ 4ኛው የኮንግረስ ምርጫ ወረዳ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምርጫ በደረሰ ቁጥር የሚደወልልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ሰሜን ላስ ቬጋስ ቤት የገዛ ጓደኛ፣ በቅርቡ ዜግነት ያገኘ ዘመድ፣ የድምጽ መስጫውን ፖስታ ቀዶ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የተቀመጠ ሰው ይደውልና፦ «የኛ ተወካይ ማን ነው? ከዚያ ቶኖፓ ከሚባለው አገር ጋርስ ምን አገናኘን?» ይለኛል። በየስልኩ ከምደጋግመው ብዬ እዚህ ሰበሰብኩት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ወረዳው ከየት እስከ የት ነው?

በደቡብ ጫፉ የሰሜን ላስ ቬጋስ ከተማ፣ ከራሷ ከላስ ቬጋስ ሰሜናዊው ክፍልና ዌስትሳይድ የሚባለው ነባር የጥቁሮች ሰፈር አሉ። ከዚያ ቤቱ ያልቅና በረሃው ይጀምራል። በ15 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ዩታ ስትሄዱ ሞአፓ፣ ኦቨርተን፣ በንከርቪልና መስኪት፤ በ95 ቁጥር መንገድ ወደ ሰሜን ምዕራብ ስትወጡ ደግሞ ኢንዲያን ስፕሪንግስ፣ ቢቲ፣ ጎልድፊልድ፣ ቶኖፓና ሆውቶርን ይመጣሉ። በካውንቲ ከተቆጠረ ከክላርክ ከፊሉ፣ ከላዮን ከፊሉ፣ ናይ፣ ሊንከን፣ ኤስሜራልዳና ሚኔራል ናቸው።

ስፋቱ በወሬ አይገባም። ናይ ካውንቲ ብቻውን 47,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስዊዘርላንድ ገብታበት ቦታ ይተርፋል። በ2020 ቆጠራ የተገኘበት ሰው ግን 52,000 አልሞላም፤ አብዛኛውም ያለው ፓራምፕ በምትባል አንዲት ከተማ ነው። ኤስሜራልዳ ካውንቲ ውስጥ የተቆጠረው 729 ሰው ነው። አንድ ደህና የሀበሻ ሰርግ ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ከቬጋስ ሬኖ በሌሊት ነድቼ ነበር። ቶኖፓ 210 ማይል ገደማ ላይ ናት። ቢቲ ስደርስ ባለቤት የሌላቸው አህዮች አስፋልቱ መሃል ቆመው ጠበቁኝ፤ ጡሩንባ ብነፋም ዞር ብለው አላዩኝም። ለትንሽ ጊዜ አገር ቤት የገባሁ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ባሉት 90 ምናምን ማይሎች ከመኪናዬ መብራት በቀር ብርሃን ያየሁት ሁለት ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው። ስለዚህ ነዳጁን ቢቲ ላይ ሙሉት።

ከተማና በረሃ ለምን አንድ ላይ ተደረጉ?

ሂሳቡ ሌላ መንገድ አይሰጥም። በ2020 ቆጠራ ኔቫዳ 3,104,614 ሰው ነበራት፤ የኮንግረስ ወንበሯ 4 ነው። ሲካፈል ለአንድ ወረዳ 776,000 ገደማ ይደርሳል። ናይ፣ ሊንከን፣ ኤስሜራልዳና ሚኔራል አራቱ ቢደመሩ 62,000 አይሞሉም። የቀረው ከየት ይምጣ? ሰው ያለው ክላርክ ካውንቲ ነው። ስለዚህ በረሃው ከከተማው ጎን ይለጠፋል። ከተማው ያንን ያህል መሬት ያገኛል፣ በረሃው ያንን ያህል ሰው ያገኛል፤ ሁለቱንም ማንም አልጠየቃቸውም።

ኔቫዳ አራተኛውን ወንበር ያገኘችው ከ2010 ቆጠራ በኋላ ሲሆን የመጀመሪያው ምርጫ በ2012 ተካሄደ። በዚያን ጊዜ ሕግ አውጪውና ገዥው ስላልተስማሙ ካርታውን ያወጡት ፍርድ ቤት የመደባቸው ባለሙያዎች ናቸው። በ2021 ግን ሕግ አውጪውም ገዥውም በዴሞክራቶች እጅ ነበሩ። ከ1ኛው ወረዳ የዴሞክራት መራጮችን ቀንሰው ለ3ኛውና ለ4ኛው አከፋፈሉ። የ1ኛው ወረዳ ተወካይ ዲና ታይተስ ራሳቸው ዴሞክራት ሆነው በአደባባይ አማረዋል፤ ትርፉን ከሳቸው ቤት ነው ያወጡት። ሰው ካርታ ሲያወጣ ለራሱ እንደሚያወጣ አገር ቤትም አይተናል፤ እዚህ ልዩነቱ በሕግ ተፈቅዶ በቴሌቪዥን እየታየ መደረጉ ነው።

ተወካዩ ማን ነው? ከሱ በፊትስ?

ስቲቨን ሆርስፎርድ፣ ዴሞክራት። ኔቫዳ ወደ ኮንግረስ የላከቻቸው የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። የቬጋስ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው እሳቸው ገና ወጣት ሳሉ በጥይት ተገድለውባቸዋል፤ ስለ ጦር መሣሪያ ሲናገሩ ደጋግመው ያነሱታል። ኮንግረስ ከመግባታቸው በፊት በኔቫዳ ሴኔት የአብላጫው መሪ ነበሩ። የካዚኖና የሆቴል ሠራተኞችን የሚያሠለጥነውን የኩሊናሪ አካዳሚም መርተዋል። ከ2023 እስከ 2025 መጀመሪያ የኮንግረሱ የጥቁሮች ኮከስ (የጥቁር አባላቱ ስብስብ) ሊቀመንበር ነበሩ።

ወንበሩ ግን እንደ ርስት አልጸናላቸውም። በ2012 አሸነፉ፣ በ2014 በሪፐብሊካኑ ክሬሰንት ሃርዲ ተሸነፉ። ሃርዲን ደግሞ በ2016 ዴሞክራቱ ሩበን ኪህዌን አሸነፏቸው። ኪህዌን የጾታዊ ትንኮሳ ክስ ሲነሳባቸው ዳግም አልወዳደርም አሉ። በ2018 ሆርስፎርድና ሃርዲ እንደገና ተገናኙ፤ ሆርስፎርድ ወንበራቸውን መልሰው ያዙ። ከዚያ በ2020፣ በ2022 እና በ2024 አሸንፈዋል። የ2024ቱ ተፎካካሪ ጆን ሊ ለብዙ ዓመት የሰሜን ላስ ቬጋስ ከንቲባ የነበሩ፣ በ2021 ከዴሞክራት ወደ ሪፐብሊካን የዞሩ ሰው ናቸው። የከተማውን ድምጽ ከውስጥ ይከፍሉታል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። አልሆነም።

ገጠሩ በሙሉ ሪፐብሊካን ከሆነ ዴሞክራት እንዴት ያሸንፋል?

መሬት አይመርጥም። በ2020 የፕሬዚዳንት ምርጫ በናይ ካውንቲ ከ10 መራጭ 7ቱ ገደማ፣ በኤስሜራልዳና በሊንከን ከ8 በላይ ለትራምፕ ነው የሰጡት። የውጤት ካርታ ስታዩ ወረዳው በሙሉ ቀይ (ሪፐብሊካን) ሆኖ ከታች ጥግ ላይ ሰማያዊ (ዴሞክራት) ጠብታ አለች። ድምጹ ያለው ጠብታዋ ውስጥ ነው።

እኔ ሁልጊዜ የማነሳው ግን የ2014ቱን ነው፤ ይህን ወረዳ የሚገልጸው እሱ ስለሆነ። በ2012 ፕሬዚዳንትም ይመረጥ ስለነበር ሆርስፎርድ ከ110,000 በላይ ድምጽ አገኙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፕሬዚዳንት የለም፣ የሴኔት ውድድር የለም፣ ገዥው ሳንዶቫል ደግሞ ያለ ጠንካራ ተቀናቃኝ ነበር የሚሮጡት። ያ ሁሉ ሰው ቤቱ ቀረ። ሆርስፎርድ 60,000 እንኳ አልሞላላቸውም፤ በ4,000 በማይሞላ ድምጽ ወንበሩን ለቀቁ። ገጠሩ ሐሳቡን አልቀየረም፤ እንደ ወትሮው ወጥቶ መረጠ። ከሥራ ወደ ሥራ የሚሮጠው የከተማው ሰው ነው የቀረው። «የኔ አንድ ድምጽ ምን ይለውጣል» ለሚለኝ ሰው የምነግረው ይህንኑ ነው፤ ክርክር አልጨምርበትም።

ሌላም አለ፤ በኔቫዳ በመራጭነት ከተመዘገበው ሰው የትኛውም ፓርቲ ውስጥ የሌለው ከዴሞክራቱም ከሪፐብሊካኑም በልጧል። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ በራሱ መመዝገብ ስለተጀመረ ፓርቲ ያልመረጠ ሰው እዚያው «ገለልተኛ» ተብሎ ይቀመጣል። ይህ ሰው የፓርቲዎች የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ላይ መሳተፍ አይችልም። በ2022 ይህን የሚቀይር ሐሳብ በሕዝብ ድምጽ አልፎ ነበር፤ ሕገ መንግሥት ለመቀየር ሁለት ጊዜ ማለፍ አለበትና በ2024 ወደቀ።

ሰው በምን ይኖራል?

በከተማው በኩል ካዚኖ ነው፤ ትልልቆቹ ካዚኖዎች የተደረደሩበት ጎዳና፣ ስትሪፑ፣ ራሱ ወረዳው ውስጥ ባይሆንም እዚያ አልጋ የሚያነጥፈው፣ ካርታ የሚያድለው፣ ሳህን የሚያጥበው ሰው የሚያድረው ሰሜን ላስ ቬጋስ ነው። የካዚኖና የሆቴል ሠራተኞች ማኅበር የሆነው ኩሊናሪ ዩኒየን 60,000 ገደማ አባል አለው፤ የጤና መድኑና የጡረታው ነገር ያለው እዚያ ነው። ስትሪፑ ሲያስነጥሰው ሰፈሩ ትኩሳት ይይዘዋል። በኤፕሪል 2020 በኮቪድ ካዚኖው ሲዘጋ በኔቫዳ ከ100 ሠራተኛ 30ው ገደማ ሥራ አጥ ሆነ። በዚያ ወር የምግብ እርዳታ መኪና ሰልፉን ያየ ሰው አይረሳውም።

ለዚህም ነው ከተማው ከካዚኖ ውጭ እንጀራ የሚፈልገው። ሰሜን ላስ ቬጋስ ከ2008 በፊት በአገሩ በፍጥነት ከሚያድጉት ከተሞች አንዷ ነበረች፤ የቤት ዋጋ ሲወድቅ አብራ ወደቀች፣ በ2012 የፋይናንስ አስቸኳይ ሁኔታ እስከ ማወጅ ደረሰች። ኤፔክስ የሚባለው ሰፊ የኢንዱስትሪ ቦታዋ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በ2015 መጨረሻ ፋራዴይ ፊውቸር የተባለ የኤሌክትሪክ መኪና ድርጅት አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ ፋብሪካ እሠራለሁ አለ፤ ስቴቱ ማበረታቻ አጸደቀለት፣ አፈር ተቆፈረ፣ በ2017 ተወው። ዛሬ እዚያ አካባቢ የሚታየው መጋዘን ነው፤ የአማዞን ሳጥን የሚጭኑና የሚያወርዱ ግቢዎች። የሀበሻ ልጆችም የሌሊቱን ፈረቃ ገብተውበታል።

ሦስተኛው ጦሩ ነው። ኔሊስ የአየር ኃይል ሰፈር ከከተማው ጫፍ ነው። ክሪች የሚባለው ደግሞ ኢንዲያን ስፕሪንግስ ላይ ነው፤ ሰው አልባ አውሮፕላኖች ከዚያ ሆነው ይመራሉ። አብራሪው ጠዋት ከቬጋስ ቤቱ ተነስቶ በ95 ቁጥር ነድቶ ይገባል፣ ሌላ አህጉር ላይ ያለ ጦርነት ውስጥ ይውላል፣ ማታ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ያወጣል። ሚኔራል ካውንቲ ያለችው ሆውቶርን ደግሞ በጥይት መጋዘን የቆመች ከተማ ናት፤ ስትገቡ በረሃው ላይ በረድፍ በረድፍ የተሠሩት የአፈር ጉብታዎች ሁሉ ጥይት ያለባቸው ናቸው።

ገጠሩ የማዕድን አገር ነው። ቶኖፓ የተቆረቆረችው በ1900 ጂም በትለር የተባለ ሰው የጠፋ አህያውን ሲፈልግ ብር ያዘለ ድንጋይ አገኘ ተብሎ ነው (የአህያዋን ነገር ያጋነኑት ይመስለኛል፤ ብሩ ግን እውነት ነበር)። ጎልድፊልድ ወርቅ ሲገኝባት እስከ 20,000 ሰው ይኖርባት ነበር፤ የኔቫዳ ትልቋ ከተማ ሆና ነበር። ዛሬ ጥቂት መቶ ሰው ቀርቷል። ናይ ውስጥ ራውንድ ማውንቴን የሚባለው የወርቅ ማዕድን አሁንም ይሠራል።

አዲሱ ወርቅ ሊቲየም ነው። ኤስሜራልዳ ውስጥ ሲልቨር ፒክ ላይ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ጨዋማ ውሃ ከምድር እየተሳበ ሰፋፊ ኩሬ ላይ በፀሐይ እየደረቀ ሊቲየም ይወጣል። የአፋርን ጨው ያየ ሰው ኩሬዎቹን ሲያይ እንግዳ አይሆኑበትም። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ራዮላይት ሪጅ የሚባል ሌላ ፕሮጀክት አለ፤ በዓለም ላይ እዚያ ብቻ የሚበቅል ቢጫ አበባ ተገኘና በ2022 ሊጠፋ የተቃረበ ተብሎ በሕግ ተጠበቀ፣ በ2024 ደግሞ መንግሥት ማዕድኑን ፈቀደ። ክርክሩ አበባውና ባትሪው መካከል ነው። ቶኖፓ አጠገብ ከ10,000 በላይ መስታወት የፀሐይን ብርሃን አንድ ማማ ላይ የሚያነጣጥርበት ክረሰንት ዱንስ የተባለ የመብራት ማመንጫም አለ። 737 ሚሊዮን ዶላር የመንግሥት የብድር ዋስትና ተሰጥቶት ነበር፤ በ2020 ከሠረ። የተሻለ ዕድል የገጠማቸው የሞአፓ ፓዩት ሕዝቦች ናቸው፤ አጠገባቸው ሲጨስባቸው የኖረው የሪድ ጋርድነር የድንጋይ ከሰል ማመንጫ በ2017 ሲዘጋ፣ በዚያው ዓመት በራሳቸው መሬት ላይ 250 ሜጋ ዋት የፀሐይ ኃይል ሥራ ጀመረ።

ፓራምፕና መስኪት ደግሞ ጡረተኞች ናቸው። ካሊፎርኒያ ቤቱን ሸጦ የመጣ ሰው ጎልፉን ይጫወታል፣ ግብር ዝቅ ያለበትን ይመርጣል፣ ምርጫ አያመልጠውም።

በገጠሩ ሴተኛ አዳሪ ቤት በሕግ ይፈቀዳል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። የኔቫዳ ሕግ የሚፈቅደው ሕዝባቸው ከ700,000 በታች ለሆኑ ካውንቲዎች፣ ያውም ካውንቲው ከፈቀደ ነው። ክላርክ ውስጥ ስለዚህ ክልክል ነው፤ ቬጋስ ውስጥ የምታዩት ማስታወቂያ ሁሉ ሕገ ወጥ ነው ወይም ሰውን ወደ ናይ የሚጠራ ነው። የዚህ ንግድ ባለቤት የነበረው ዴኒስ ሆፍ በ2018 ለስቴቱ ምክር ቤት ተወዳድሮ በኦክቶበር ሞተ፤ በኖቬምበር አሸነፈ። ሟቹን የመረጡት ሰዎች ማን እንደሞተ ያውቁ ነበር፤ ዴሞክራት እንዳይገባ ነው።

መሬቱ የማን ነው?

የፌዴራል መንግሥቱ። በስቴት ደረጃ 80 በመቶ ገደማ፣ በናይና በሊንከን ከዚያም በጣም የበለጠ። ካውንቲው ግብር የማይሰበስብበት መሬት ነው፤ ዋሽንግተን በምትኩ የምትሰጠውን ገንዘብ ይጠብቃል። ከተማ ሆኖ «መንግሥት» ሲባል ፖሊስና ትምህርት ቤት ነው የሚታሰበው፤ እዚያ ግን ከብት የሚያግድ ሰው ጎረቤቱ ራሱ መንግሥት ነው። የገጠሩን ፖለቲካ ከዚህ ሳይነሳ የሚያስረዳ ሰው ሲገጥመኝ ብዙም አላምነውም።

ጠቡ የፈነዳው በኤፕሪል 2014 በንከርቪል ላይ ነው። ክላይቨን በንዲ ከ1993 ጀምሮ የግጦሽ ክፍያ አልከፍልም ብሎ ዕዳው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር አልፎ ነበር። መንግሥት ከብቱን ሊወስድ ሲመጣ ከየስቴቱ የታጠቁ ሰዎች መጡ፣ ከድልድዩ ላይ መሣሪያ ተደገነ፣ መንግሥት ከብቱን መልሶ ሄደ። በ2018 መጀመሪያ ክሱ ወደቀ፤ ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ደብቋል ተብሎ ነው። እኔ የግጦሽ ክፍያ መክፈል አለበት ባይ ነኝ። ሆኖም አባቱ ያገደበትን መሬት «ያንተ አይደለም» ሲባል ሰው ምን እንደሚሰማው ለመረዳት ከኛ ይልቅ የሚቀርብ የለም።

የምዕራብ ሾሾኒ ነባር ሕዝብ ደግሞ መንግሥትንም በንዲንም በዝምታ አይመለከታቸውም። በ1863 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተፈረመው የሩቢ ቫሊ ውል መሬቱን አልሰጠንም ይላሉ።

የኑክሌር ሙከራ የተካሄደው እዚህ ነው?

አዎ፣ ናይ ካውንቲ ውስጥ። የመጀመሪያው ቦምብ የፈነዳው በጃንዋሪ 1951 ሲሆን እስከ 1992 ድረስ 928 ሙከራ ተደርጓል፤ 100 የሚሆነው ከመሬት በላይ ነው። ቬጋስ ያሉ ሆቴሎች እንግዳው ደመናውን ጣሪያ ላይ ሆኖ እንዲያይ ይጋብዙ ነበር። ነፋሱ ግን ወደ ሊንከንና ወደ ዩታ ነበር የሚነፍሰው። ለተጎዱት የካሣ ሕግ የወጣው በ1990 ነው፤ በ2024 ጊዜው አልፎበት በ2025 እንደገና ተመለሰ።

ከዚያው አጠገብ ያለው የዩካ ተራራ ሌላ ታሪክ ነው። በ1987 ኮንግረስ የአገሩን የኑክሌር ቆሻሻ የሚቀብርበት ብቸኛ እጩ ቦታ አድርጎ መረጠው። የኔቫዳው ሴናተር ሃሪ ሪድ በሴኔት ዕድሜያቸውን ሙሉ ተዋጉት፤ በኦባማ ዘመን ገንዘቡ ተቋረጠ። ቬጋስ ውስጥ ይህን የሚደግፍ ፖለቲከኛ አታገኙም። ተራራው ያለበት የናይ ካውንቲ አስተዳደር ግን የፈቃዱ ሂደት ይቀጥል ባይ ነው፤ ሥራ አለበት። 90 ማይል ርቆ የሚኖረው ይፈራዋል፣ አጠገቡ ያለው ይፈልገዋል።

ውሃው ከየት ይመጣል?

ለከተማው ከኮሎራዶ ወንዝ፣ በሚድ ሐይቅ በኩል። የኔቫዳ ድርሻ በዓመት 300,000 ኤከር ጫማ ነው (አንድ ኤከር ጫማ አንድ ኤከር መሬት ላይ አንድ ጫማ ከፍታ የሚሞላ ውሃ ነው)፤ ከሰባቱ ስቴቶች ትንሹ። ከቤት ውስጥ የሚወጣው ውሃ ተጣርቶ ሐይቁ ውስጥ ስለሚመለስ ጠፍቶ የሚቀረው የግቢው ሣር የሚጠጣው ነው። በ2021 የወጣ ሕግ ማንም የማይረግጠውን የጌጥ ሣር ከ2026 መጨረሻ በኋላ በዚህ ውሃ ማጠጣት ይከለክላል፤ የመኖሪያ ቤታችሁን ግቢ አይነካም።

ገጠሩ ስለ ውሃ ሲነሳ የሚያስታውሰው ሌላ ነገር ነው። በ1989 የቬጋስ የውሃ ድርጅት ከሊንከንና ከጎረቤቱ ካውንቲ የከርሰ ምድር ውሃ በቧንቧ ወደ ከተማ ለመሳብ ጠየቀ። ከብት አርቢው፣ ሞርሞኑ፣ የነባር ሕዝቦች ጎሳዎችና የተፈጥሮ ተቆርቋሪው በሌላ በምንም የማይስማሙ ሆነው በዚህ አንድ ላይ ቆሙ። ሠላሳ ዓመት ተካሰሱ። በ2020 ከተማው ተወው።

ዌስትሳይድ ለምን ስሙ ይነሳል?

ጥቁር ዘፋኝ ስትሪፕ ላይ መድረክ ላይ ወጥቶ አልጋ የማይከራይበት ዘመን ነበር። ዘፍኖ ጨርሶ በጓሮ በር ወጥቶ ዌስትሳይድ የሰው ቤት ያድራል። በ1955 በዚያው ሰፈር ዳር ሙላን ሩዥ የተባለ ጥቁርና ነጭ አብሮ የሚገባበት የመጀመሪያው ሆቴልና ካዚኖ ተከፈተ፤ ስድስት ወር ገደማ ሠርቶ ተዘጋ። በማርች 1960 የጥቁሮች መብት ታጋዮች ስትሪፑ ላይ ሰልፍ እንወጣለን ሲሉ ባለ ካዚኖዎቹ በራቸውን ለመክፈት ተስማሙ፤ ስምምነቱ የተደረገው እዚያው ተዘግቶ በነበረው ሙላን ሩዥ ውስጥ ነው። በ1971 ሩቢ ደንከንና ሌሎች እናቶች የድጎማቸውን መቆረጥ ተቃውመው ስትሪፑን በሰልፍ ዘጉት። ዛሬ እኛ ፊት ለፊት በር ገብተን ዩኒፎርም የምንለብስበት ቦታ ማለት ነው።

የጉርሻ ታክስ ቀረ የተባለው እንዴት ነው?

በሙሉ አልቀረም። ትራምፕ በጁን 2024 ቬጋስ መጥተው ቃል ገቡ፤ ከዚያ ሁሉም ፓርቲ አነሳው። በጁላይ 2025 የጸደቀው ሕግ እስከ 25,000 ዶላር የጉርሻ ገቢን ከፌዴራል የገቢ ግብር ያስቀንሳል፤ ከ2025 እስከ 2028 ለሚሆኑት ዓመታት ብቻ። ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር እንደ ድሮው ይቆረጣል። ገቢያችሁ ለነጠላ ከ150,000 ዶላር ካለፈ ቅናሹ እየቀነሰ ይሄዳል። ኔቫዳ ራሷ የገቢ ግብር ስለሌላት በስቴቱ በኩል የሚለወጥ የለም። ሆርስፎርድ የራሳቸው የጉርሻ ረቂቅ ነበራቸው፤ ለዚህኛው ጥቅል ሕግ ግን እንደ ፓርቲያቸው ሁሉ ተቃውሞ ነው የሰጡት። ጉርሻን ለመዝገብ ሳታሳውቁ የኖራችሁ ካላችሁ ቅናሹ የሚሠራው ለተመዘገበው ነው።

«ትንሿ ኢትዮጵያ» እዚህ ወረዳ ውስጥ ናት?

አይደለችም። ክላርክ ካውንቲ በ2023 በዚህ ስም የሰየመው አካባቢ ከስትሪፑ ምዕራብ ነው። ምግብ ቤቱ እዚያ፣ ቤታችሁ ሰሜን ላስ ቬጋስ ከሆነ ተወካያችሁ የሚለየው በቤታችሁ ነው። አድራሻው ላይ «ላስ ቬጋስ» መባሉም ምንም አይነግራችሁም። ስትሪፑ ራሱ ከላስ ቬጋስ ከተማ ውጭ ነው። በተወካዮች ምክር ቤት ድረ ገጽ ላይ ዚፕ ኮዳችሁን አስገቡና እዩ።

ግሪን ካርድ ይዤ መምረጥ እችላለሁ? በአማርኛስ?

አትችሉም፤ ዜጋ ብቻ ነው። ቀልድ የለውም፤ በስህተት መመዝገብም በኋላ ዜግነት ስትጠይቁ ይዟችሁ ይመጣል። መንጃ ፈቃድ ቢሮ ወረቀት ሲሰጧችሁ «ዜጋ ነህ?» የሚለውን ሳታነቡ አትፈርሙ።

የድምጽ መስጫ ወረቀት በአማርኛ አይታተምም። የፌዴራሉ ሕግ የሚያስገድደው ለስፓኒሽ፣ ለእስያና ለነባር አሜሪካውያን ቋንቋዎች ነው፤ የአፍሪካ ቋንቋ የለበትም። ክላርክ ውስጥ ስፓኒሽና ፊሊፒኖ ታገኛላችሁ። እናት አባታችሁ ማንበብ ካልቻሉ ግን የመረጡትን ሰው ይዘው የመግባት መብት አላቸው፤ ልጅ፣ ጎረቤት፣ ማንም። የማይፈቀደው አሠሪያቸው ወይም የዩኒየናቸው ኃላፊ ብቻ ነው።

የተወካዩ ቢሮ ለኔ ምን ይሠራልኛል?

ብዙ ሰው የማያውቀው ይህን ነው። የኢሚግሬሽን ፋይል ከተገቢው ጊዜ በላይ ሲቆይ፣ ፓስፖርት ሲዘገይ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ወይም የወታደር ጡረታ ሲጠፋ ቢሮው መሥሪያ ቤቱን ጠይቆ መልስ ያመጣል። መጀመሪያ ፋይላችሁን እንዲያይ የምትፈቅዱበትን ወረቀት መፈረም አለባችሁ። ዜጋ መሆን አያስፈልግም፤ የወረዳው ነዋሪ መሆን ይበቃል። ገንዘብ አይከፈልበትም፤ «አስጨርስላችኋለሁ» ብሎ የሚያስከፍል ሰው ቢገጥማችሁ ሽሹ። ውሳኔ ማስቀየር ግን አይችሉም፤ የተኛን ፋይል መቀስቀስ ብቻ ነው።

ፖስታውን ልኬ ድምጼ አልተቆጠረም ተባልኩ። ለምን?

ከ2021 ወዲህ ኔቫዳ ለተመዘገበ መራጭ ወረቀቱን በፖስታ ትልካለች። ሞልታችሁ ፖስታው ላይ ትፈርማላችሁ። ፊርማው መዝገብ ላይ ካለው ጋር ይነጻጸራል፤ ካልመሰለ ስልክ ወይም ደብዳቤ ይመጣል፣ ከምርጫው በኋላ በተሰጠው ቀን ውስጥ እናንተ መሆናችሁን ካረጋገጣችሁ ይቆጠራል። የማይታወቅ ስልክ አላነሳም የሚል ሰው ድምጹ እዚያ ይቀራል።

እኔም ደርሶብኛል። መንጃ ፈቃድ ሳወጣ በአማርኛ ነበር የፈረምኩት፤ ፖስታው ላይ ቸኩዬ በእንግሊዝኛ ፈረምኩ። የደወለችልኝ ልጅ «ይሄ የመጀመሪያው ሥዕል ነው ወይስ ፊርማ?» አለችኝ። ፊርማ ነው አልኳት። አሁን ሁለቱም ላይ በአማርኛ ነው የምፈርመው።